ለመኪና ስካነር አንቴና፦ ዘንጉን ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ምረጡ

ስካነር፣ ማለትም ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን እየፈተሸ ንግግር የሚያሰማ መቀበያ ሬዲዮ፣ መኪና ውስጥ ሊያስገባ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው አንቴናውን ነው። ማሸጊያው ላይ «ከ25 እስከ 1300 ሜጋኸርዝ» የሚል ያነባል፤ ዘንጉም ረዘም ብሎ ያማረ ነው፤ ከፍሎ ይወስዳል። የት እንደሚያስቀምጠው ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ መሆን አለበት። መጀመሪያ ምን እንደምትሰሙ፣ ቀጥሎ አንቴናው የት እንደሚቆም፣ ከዚያ ኬብሉ ይወሰን። ዘንጉ መጨረሻ ይምጣ። ጣሪያ መሃል ላይ የቆመ ተራ ዘንግ፣ ባምፐር ላይ የታሰረ ውድ አንቴናን ያስከነዳል።

ሥራውን የሚያቀልልን አንድ ነገር አለ። ስካነር ይሰማል እንጂ አያስተላልፍም። ስለዚህ አንቴናው ከፍሪኩዌንሲው ጋር በትክክል ባይጣጣም የሚቃጠል ነገር የለም። የሬዲዮ ሰዎች «ኤስደብሊውአር» የሚሉት ልኬት 3 ለ 1 ቢሆን እንኳ የምታጡት 1.25 ዴሲቤል (የምልክት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ በጆሮ አይታወቅም። ለማስተላለፊያ ሬዲዮ የተጻፉ ምክሮችን እያነበባችሁ አትጨነቁ።

ሌላው ሕጉ ነው። ስካነር መኪና ውስጥ መያዝን ወይም አንዳንድ ንግግሮችን ማድመጥን የሚከለክሉ ወይም ፈቃድ የሚጠይቁ ቦታዎች አሉ። ጣሪያ ከመብሳታችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ሕግ እዩ።

አንድ፦ ዝርዝር ያዙ

በእርግጥ የምትሰሟቸውን ፍሪኩዌንሲዎች ብቻ ጻፉ። «አንድ ቀን እሰማው ይሆናል» የምትሉት አይግባ። ስካነሩ ብዙ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ስለያዘ ሁሉንም መስማት የለባችሁም። አብዛኛው ሰው ዝርዝሩን ሲጨርስ ሁለት ቢበዛ ሦስት ባንድ ነው የሚያገኘው።

ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ከ30 እስከ 50 ሜጋኸርዝ፦ ዝቅተኛው ቪኤችኤፍ። ዛሬ ብዙ ቦታ ጭር ብሏል።
- ከ118 እስከ 137፦ የአብራሪዎችና የመቆጣጠሪያ ማማ ንግግር። በኤኤም ነው የሚሠራው።
- ከ138 እስከ 174፦ ከፍተኛው ቪኤችኤፍ። የመርከብ ሬዲዮና የ2 ሜትር አማተር ባንድ እዚህ ውስጥ ናቸው።
- ከ400 እስከ 512፦ ዩኤችኤፍ።
- ከ700ዎቹ እስከ 900ዎቹ፦ በአንዳንድ አገሮች የአስቸኳይ አገልግሎት ሰዎች ትራንክ የሚባለውን፣ ብዙ ተጠቃሚ ጥቂት ቻናሎችን እየተደለደለ የሚጋራበትን ዲጂታል ሲስተም የሚያስኬዱበት።

አሁን ከእያንዳንዱ ጎን ርዝመት ጻፉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 7125ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር የሩብ ሞገድ ዘንግ ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። ለ125 ሜጋኸርዝ 57 ሴንቲሜትር፣ ለ155 ደግሞ 46፣ ለ460 ወደ 15 ከግማሽ፣ ለ850 ደግሞ 8 ከግማሽ የማይሞላ ይሆናል። 40 ሜጋኸርዝ ላይ ስትደርሱ 178 ሴንቲሜትር ይመጣል። ይሄ የሰው ቁመት ነው። የመኪና ማቆሚያ ቤት ጣሪያ ሳይነካ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን «ደህና ይሰማል» ወይም «ይቆራረጣል» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ለማወቅ ስካነሩ ላይ ያለችውን አጭር አንቴና ይዛችሁ በምትነዱበት አካባቢ ትንሽ ዞር ዞር በሉ። አንቴናው መመረጥ ያለበት ለሚቆራረጠው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አውሮፕላን መስማት ስለሚወድ ለአውሮፕላን ባንድ የተቆረጠ ዘንግ ይገዛል። አየር ላይ ያለ አውሮፕላን ግን ከፍታው ብቻውን ይበቃዋል፤ በየትኛውም ሽቦ ከሩቅ ይሰማል። የሚያስቸግረው መሬት ላይ ያለው ነው፤ ከሕንፃና ከኮረብታ ጀርባ ያለው ማማ፣ በእጅ የተያዘው ሬዲዮ።

ሁለት፦ ቦታውን ምረጡ

የመኪና አንቴና ግማሹ ዘንጉ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከሥሩ ያለው ላሜራ ነው። ዘንጉ ብቻውን አይሠራም። በዙሪያው ቢያንስ የራሱን ርዝመት ያህል የተዘረጋ ብረት ይፈልጋል። ለ155 ሜጋኸርዝ ይሄ በየአቅጣጫው ግማሽ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ያን ያህል ብረት በሁሉም በኩል የሚገኘው ጣሪያ መሃል ላይ ብቻ ነው።

አንቴናው ወደ ዳር ሲሄድ ብረቱ በአንድ ወገን ይበዛል፤ መስማቱም ወደዚያው ወገን ያደላል። የኋላ ኮፈን ግራ ጥግ ላይ የቆመ አንቴና ወደ ፊት በስተቀኝ ያለውን አጥርቶ ይሰማል፤ ከኋላ በስተግራ ያለው ግን ይደክምበታል። መኪናው ሲዞር ድምፁ የሚመጣ የሚሄድ ከሆነ ሰበቡ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ለ700ዎቹና ለ800ዎቹ ነገሩ ይቀልላል። የሚያስፈልገው ብረት በየአቅጣጫው ወደ 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ የፊት ኮፈን ዳር ላይ የተያዘች ትንሽ ማቆሚያ እንኳ ትበቃለች። ከፍታው ግን ይጎድላችኋል፤ በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች የራሳችሁ መኪና አካል ጥላ ይጥላል።

ጣሪያችሁ መስታወት፣ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ከሆነ ማግኔት አይዝም። አሉሚኒየም ሲበሱት ጥሩ ይሠራል፤ መስታወትና ፋይበር ግን ብረትነት ስለሌላቸው ለዘንጉ ምንም አይሰጡትም። ያን ጊዜ የኋላ ኮፈን ጠርዝ ላይ በብሎን የሚያዝ ማቆሚያ ሁለተኛው ምርጫ ነው። ብሎኖቹ ቀለሙን አልፈው ባዶ ብረት መንካት አለባቸው። በተጨማሪ ኮፈኑ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በማጠፊያው ብቻ ነው፤ ማጠፊያው ደግሞ በግራሶና በቀለም የተሞላ ነው። አንድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ ከኮፈኑ ወደ አካሉ ብታስሩ ልዩነቱን ትሰማላችሁ።

መስታወት ላይ የሚለጠፈውን አይነት ተዉት። ምልክቱን በመስታወቱ አሻግሮ የሚያስገባው ሳጥን ለአንድ ጠባብ ባንድ የተስተካከለ ነው፤ ለብዙ ባንድ ስካነር አይሆንም። ብረት የተቀባ ፀሐይ መከላከያ ወይም የማሞቂያ ሽቦ ያለው መስታወት ከሆነማ ይብስበታል።

የመኪናውን የራሱን ኤፍኤም አንቴና በመከፋፈያ መጋራትስ? ረዥም ዘንግ ያለው አሮጌ መኪና ላይ ለቪኤችኤፍ ያስኬዳል። የሻርክ ክንፍ የምትመስለዋ አጭር አንቴና ግን ውስጧ ማጉያ አላት፤ ከተሠራችበት ውጭ ያለውን አታሳልፍም።

ሦስት፦ ዘንጉ

እንግዲህ ዘንጉ ላይ ደርሰናል። ያን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ለብዙ ሰው የምመክረው 46 ሴንቲሜትር የሆነ ተራ የሩብ ሞገድ ዘንግ ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። የሩብ ሞገድ ዘንግ በፍሪኩዌንሲው ሦስት እጥፍ ላይም ይሠራል። ለ155 የተቆረጠው 465 ላይ እንደገና ይነቃል፤ ይህም ዩኤችኤፍ መሃል ላይ ነው። ያለ ምንም ጥቅልል ሽቦ ሁለት ባንድ አገኛችሁ ማለት ነው። ጉድለቱ፣ በሦስት እጥፉ ላይ ምልክቱን አጥርቶ የሚቀበለው ወደ አድማሱ ሳይሆን ወደ ላይ አቅጣጫ ነው። ከተማ ውስጥ ማማው ቅርብና ከፍ ያለ ሲሆን ይሄ አይጎዳም። ሜዳ ላይ ለሩቅ ምልክት ግን ይጎዳል። ለአውሮፕላን ባንድም 46ቱ ሴንቲሜትር አጠር ያለ ቢሆንም ቀድሞ በተባለው ምክንያት በቂ ነው።

ዝርዝራችሁ ላይ 700ዎቹና 800ዎቹ ዋና ከሆኑ፣ ለቪኤችኤፍ፣ ለዩኤችኤፍና ለ800 ተብሎ የተሠራ ሦስት ባንድ አንቴና ይሻላል። መሃሉ ላይ ያለችው ጥቅልል ወይም እብጠት ዘንጉን ለከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ከፋፍላ ታሳጥረዋለች፤ ለዝቅተኛው ደግሞ ሙሉውን ታሠራዋለች። የምትሰሙት 800ዎቹን ብቻ ከሆነ 8 ሴንቲሜትር የምታክል ዘንግ ትበቃለች። እንዲያውም ከሦስት ባንዱ ትሻላለች፤ የማይታይም ነው።

«ጌይን» የሚለው፣ አንቴናው ምልክቱን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚናገረው ቁጥር ላይ ረጋ በሉ። አንዱ ሻጭ በ«ዲቢአይ» ይጽፋል፣ ሌላው በ«ዲቢዲ»። ያው አንቴና በዲቢአይ ሲጻፍ ቁጥሩ በ2.15 ይበልጣል፤ ስለዚህ 5 ዲቢአይ የተባለው 3 ዲቢዲ ከተባለው ያነሰ ነው። ምን እንደሆነ ሳይጽፍ «5 ዲቢ» ብቻ የሚል ካያችሁ እለፉት። ጌይን ከየትም የሚመጣ ትርፍ አይደለም፤ ከላይ የተነሳ ወደ አድማስ የተገፋ ነው። ሜዳማ አገር ላይ ይጠቅማል። ሸለቆ ውስጥ ሆናችሁ ማማው ከተራራው አናት ላይ ከሆነ ግን ተራው ሩብ ሞገድ ይበልጠዋል።

ዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የምትሰሟቸው አብዛኞቹ አንቴናዎች የቆሙ ናቸው። ለውበት ብላችሁ ወደ ኋላ ብታስተኙት ምልክቱ በጣም ይወርዳል። ማጉያ ያለባቸውን «አክቲቭ» አንቴናዎችም መኪና ላይ አልመክርም፤ ከምልክቱ ይልቅ ጫጫታውን ያጎላሉ።

አራት፦ ኬብሉ

ጣሪያ ላይ ያገኛችሁትን ኬብሉ ሊበላው ይችላል፤ በተለይ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ። አርጂ-58 የሚባለው፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በ5 ሜትር ርዝመት 155 ሜጋኸርዝ ላይ 1 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል። 850 ላይ ወደ 2 ከግማሽ ይሆናል። ርካሽ የማግኔት አንቴናዎች ይዘውት የሚመጡት እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ካለች ቀለም የማይወፍረው አርጂ-174 ደግሞ 850 ላይ ወደ 5 ዴሲቤል ይበላል። 3 ዴሲቤል ግማሽ ኃይል ነው፤ 5 ዴሲቤል ማለት ከደረሰው ምልክት ስካነሩ ጋር የሚገባው ሲሶው ብቻ ነው ማለት ነው። ኤልኤምአር-195 ውፍረቱ እንደ አርጂ-58 ሆኖ 850 ላይ 1.8 ገደማ ስለሚያጠፋ 800ዎቹን ለሚሰማ ሰው ጥሩ ነው።

የተረፈውን ኬብል ጠቅልላችሁ ወንበር ሥር አትክተቱ። ቁረጡትና አዲስ ጫፍ ግጠሙ። ሲታጠፍም ከ5 ሴንቲሜትር ጠበብ ባለ ክብ አይታጠፍ፤ ውስጡ ይጨፈለቃል።

ጫፉ የስካነሩን ይምሰል። ጠረጴዛና መኪና ላይ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ቢኤንሲ ናቸው፤ በእጅ የሚያዙት ኤስኤምኤ። አስማሚ መጠቀም ይቻላል፤ ግን በእጅ የሚያዘው ስካነር ትንሿ ኤስኤምኤ ላይ ወፍራም ኬብል በቀጥታ አንጠልጥላችሁ አትንዱ። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጫፏ ትላቀቃለች። 20 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጭንና ለስላሳ ማያያዣ መሃል አስገቡ። ያን ያህል አጭር ሲሆን ቀጭንነቱ አይጎዳም።

አምስት፦ በማግኔት ማስቀመጥ

መኪናው የእናንተ ካልሆነ፣ ወይም ቀዳዳ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ማግኔት ነው መልሱ። ከ138 ሜጋኸርዝ በላይ ምልክቱ ቀለሙን አልፎ ከላሜራው ጋር ይገናኛል፤ ከተበሳው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው።

ጣሪያውንም የማግኔቱንም ሥር በደንብ ጥረጉ። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ይሰበስባል፤ ያ ብናኝ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ አንስታችሁ ሥሩን ጥረጉት። ስታነሱት አትጎትቱት፤ ከአንድ ጠርዝ ቀና አድርጋችሁ አላቁት።

ኬብሉን በበር ጎማ አስገቡ። ከፊት በር ይልቅ የኋላው በር ወይም የኋላ ኮፈን ጎማ ለስለስ ይላል። በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉና ኬብሉ ተጨፍልቆ እንደሆነ እዩ። ወደ ጎማው ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ተመልሶ ከፍ እንዲል አድርጉ፤ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ከመግባት ይልቅ ከታች ይንጠባጠባል።

ስድስት፦ ጣሪያውን መብሳት

ኤንኤምኦ የሚባለው መቀመጫ ብዙ የመኪና ሬዲዮ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ዘንጉን በእጅ ፈታችሁ ሌላ መግጠም ትችላላችሁ፤ ሩብ ሞገዱን፣ ሦስት ባንዱን፣ የ800ውን። የተለመደው 19 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። በ10 ሚሊሜትር የሚገባም አለ።

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ኤርባግ ያለበት አካባቢ ልትሠሩ ነው።

2. የጣሪያውን መብራት አውጡ። በቀዳዳው በኩል የስልካችሁን ካሜራ አስገብታችሁ ከላሜራው ሥር ያለውን ተመልከቱ። ጣሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጠው የሚሄዱ የብረት ድጋፎች አሉ፤ እነሱን መብሳት የለባችሁም። ኤሌክትሪክ ሽቦና የጣሪያ መስኮት ውሃ ማውረጃ ቱቦም ካለ ልብ በሉ። መብራቱ ባለበት አካባቢ ጥቂት ከኋላው መብሳት ምቹ ነው፤ እጅ ይደርሳል፤ ወደፊት ለጥገናም ቀላል ነው።

3. ከላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ለኩና መሃሉን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከመኪናው ጀርባ ቆማችሁ እዩት። አንድ ሴንቲሜትር ብትስት ሬዲዮው አያውቀውም፤ ዓይናችሁ ግን ዕድሜ ልክ ያየዋል።

4. በነጥብ መምቻ ትንሽ ጎድጓዳ አውጡ፤ ፑንታው እንዳይንሸራተት። በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱት። ከጣሪያው ላሜራ በታች ያለው ጨርቅ ቅርብ ነው፤ መሃሉ ላይ ካርቶን አስገቡ፤ ትራፓኖውንም በሙሉ ክብደታችሁ አትጫኑት።

5. አሁን 19 ሚሊሜትሩን ክብ መጋዝ ግጠሙ። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ትከሻ ያለው አይነት ከሆነ ልክ ላሜራውን ሲያልፍ ይቆማል፤ ጨርቁን አይበላውም። ቀስ ባለ ፍጥነት ሂዱ። ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ ብታደርጉ የብረት ፍቅፋቂው እዚያው ይያዛል። ላሜራው ሊያልፍ ሲል ድምፁ ይቀየራል፤ ያኔ እጃችሁን አቅልሉ።

6. ፍቅፋቂውን ወዲያው ጥረጉ፤ በመጥረጊያ ማሽን ይሻላል። በእጅ አትጥረጉት፤ ቀለሙን ይቧጥጠዋል። ጣሪያው ላይ ያደረ ፍቅፋቂ ደግሞ ዝጎ የማይለቅ ብጫ ነጥብ ይተዋል።

7. ጠርዙን በክብ ሞረድ አለስልሱ። ከላይ በኩል ጠርዙን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ከታች በኩል ግን በተቃራኒው ነው፤ የመቀመጫው ጥርሶች የሚያርፉበትን ቀለበት ያህል ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ ባዶ ብረት አውጡ። ግንኙነቱ ያለው እዚያ ነው። ካሰራችሁ በኋላ በስስ ግራሶ ሸፍኑት።

8. ኬብሉን ከጣሪያው ወደ ታች ከማውረዳችሁ በፊት ጠንካራ ሽቦ አስገብታችሁ መንገዱን ፈልጉ። ከዚያ ኬብሉን ሽቦው ላይ አስራችሁ ጎትቱ። ጫፉን መጨረሻ ግጠሙ፤ ጫፍ ያለበት ኬብል በጠባብ ቦታ አያልፍም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ መኪኖች ከጣሪያው ጠርዝ ሥርና በምሰሶዎቹ ውስጥ መጋረጃ ኤርባግ አላቸው። ኬብሉ ከኤርባጉ ፊት ወይም በላዩ አያልፍ፤ ከኋላው ይሂድ፤ ከመኪናው የራሱ ሽቦ ጋር ይታሰር። የመኪናችሁ ምሰሶ ሽፋን ላይ የኤርባግ ጽሑፍ ካለና ከውስጡ ያለውን ካላወቃችሁ፣ ይህን አንዱን ደረጃ ለባለሙያ ስጡ።

9. መቀመጫውን ቀለበቱ ላይ ካለችው ጎማ ጋር አስገብታችሁ እሰሩት። ጎማዋ ላይ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡ። ጎማዋ ጭምቅ ስትል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካሰራችሁ ላሜራው ይጎደጉዳል፤ ውሃም ይቋጠርበታል።

10. ዘንጉን ሳትገጥሙ በቴስተር ለኩ። ከመቀመጫው ውጫዊ ቀለበት እስከ መኪናው አካል ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ከመሃለኛዋ ነጥብ እስከ ቀለበቱ ምንም መገናኘት የለበትም። ዘንጉን ገጥማችሁ ብትለኩ አንዳንድ ጥቅልል ያላቸው አንቴናዎች የተገናኙ ይመስላሉ፤ አሠራራቸው ነው፤ አትደንግጡ።

ሰባት፦ መብራቱና ጫጫታው

ስካነሩን ከሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት ከማብላት ይልቅ በቀጥታ ከባትሪ ወይም ከፊውዝ ሳጥኑ አምጡ። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን፤ መጠኑን የስካነሩ መመሪያ ይናገራል።

ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ የአውሮፕላን ባንድ ላይ ማንም የማይናገርበት ፍሪኩዌንሲ ክፈቱ፤ ስኩዌልቹን (ምልክት ሳይኖር ሹሹታውን ዝም የሚያሰኘውን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻ ልቀቁት። ሹሹታውን ስሙ። ኤኤም ስለሆነ የመኪና ጫጫታ በግልጽ የሚወጣበት ነው። አሁን ሞተሩን አስነሱ። ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ ከፍ የሚል ፉጨት ካለ ከዲናሞው ነው፤ በመብራት ሽቦው ነው የሚመጣው። ጠቅ ጠቅ የሚል ከካንዴላ በኩል ነው። የማይለወጥ ብዝብዝታ ከሆነ የስልክ ቻርጀሮቻችሁንና የዳሽቦርድ ካሜራውን አንድ በአንድ ንቀሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እዚያ ይገኛል፤ ርካሽ ቻርጀር አንድ ጎበዝ ጣቢያ ያህል ይጮሃል። ፌራይት የሚባለውን ጥቁር ቀለበት የቻርጀሩ ሽቦ ላይ መቆለፍ ያግዛል፤ ቻርጀሩን መቀየር ግን ይሻላል።

ስምንት፦ መሞከር

የአንቴናን ጥሩነት ለመፈተን የማይቋረጥ ምልክት ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ የሚናገር ሰው አይሆንም፤ አሁን ቅርብ፣ ቆይቶ ሩቅ ነው። በትልልቅ ኤርፖርቶች ኤቲአይኤስ የሚባለው የአየር ሁኔታ ማስታወቂያ ሳይቋረጥ ይነበባል። ትራንክ ሲስተሞች ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያ ቻናሉ ሁሌ አለ። ሄዳችሁ ሄዳችሁ ምልክቱ የሚደክምበት ቦታ አቁሙና አንቴናዎቹን ቀያይሩ። አጠገባችሁ ባለ ማማ ብትሞክሩ ሁሉም አንቴና ጎበዝ ነው። መኪናውንም በቆመበት አዙሩት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደክሞ ከሆነ ችግሩ ቦታው ነው፤ ዘንጉ አይደለም።

አዲሱ አንቴና ከድሮው የባሰ መስሎ ቢታያችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንዱ መጨናነቅ ነው። የአውሮፕላን ባንድ ላይ ሙዚቃ ከሰማችሁ፣ ከጎኑ ያሉት ኤፍኤም ጣቢያዎች ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ስካነሩን አጥለቅልቀውታል። ስካነሩ ላይ «አቴን» ወይም «ኤቲቲ» የምትለውን ተጫኑ። ምልክቱን አዳክማችሁ ንግግሩ ከጠራ ምርመራው አለቀ፤ መፍትሔው ኤፍኤምን ብቻ የሚያግድ ትንሽ ማጣሪያ ኬብሉ መሃል ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ዲጂታል ሲስተም የሚሰሙትን ብቻ ይመለከታል። አንዳንድ ሲስተሞች አንዱን ንግግር ከብዙ ማማ በአንድ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ከአንዱ ማማ የመጣው ከሌላው በጥቂት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስለሚዘገይ ስካነሩ ውስጥ ይደባለቃሉ። የምልክት መጠን ማሳያው ሙሉ ሆኖ ድምፁ እየተሰበረ ከሆነ ይሄ ነው። የተሻለ አንቴና ብዙ ማማ ስለሚሰማ ያባብሰዋል። ማግኔቱን ከጣሪያ አውርዳችሁ ከአንድ ወገን የሚጋረድበት ቦታ፣ ለምሳሌ ኮፈኑ ላይ አድርጉት፤ አንዱ ማማ ከሌሎቹ ጎልቶ እስኪሰማ ድረስ ቦታ ቀያይሩ። በ2018 የወጣው የዩኒደን ኤስዲኤስ100 እና ተከታዩ ኤስዲኤስ200 ለዚህ ችግር ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ጣሪያውን መልቀቅ አያስፈልግም።

የማስተላለፊያ ሬዲዮ አንቴና እዚያው ጣሪያ ላይ ካላችሁ በተቻለ መጠን አራርቁት፤ ከ1 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። 50 ዋት በሚያወጣ ሬዲዮ ስትናገሩ የስካነሩ መግቢያ ሊቃጠል ይችላል። ርቀት ካላገኛችሁ ስትናገሩ የስካነሩን ኬብል ንቀሉ። ማጥፋቱ ብቻውን አይከላከልለትም። የመኪና ማጠቢያ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ዘንጉን ፍቱና የኤንኤምኦውን ክዳን ግጠሙ፤ መሃለኛዋ ነጥብ ላይ ውሃ ከተቀመጠ ትዝጋለች፤ ዝገቱም መጀመሪያ የሚታወቀው 800ዎቹ ላይ ነው።